የጭቃ በሬ ለማን ይሠራል? ከፊንቄ ባሕር እስከ ሰንበቴ ገበያ

እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሸክላ ተራውን ያየ ሰው ምን እንደሚገኝ ያውቃል። ጀበና በየመጠኑ፣ ምጣድ፣ የወጥ ድስት፣ ማሰሮ፣ እንስራ፣ የዕጣን ማጨሻ። ሰኞ ባቲ ቢወርድም የሚያየው ያንኑ ነው። የሌለውን ግን ማንም ልብ አይለውም። ለሚበላበት፣ ለሚጠጣበትና ለሚጨስበት ሁሉ ሸክላ አለ፤ የሰው ወይም የከብት መልክ ይዞ የሚሸጥ ሸክላ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከሚሴም ሆነ በዙሪያዋ ወረዳዎች በየሰው ቤት ቢገባ፣ ጀበናውና ማጨሻው በክብር ተቀምጠው ይታያሉ እንጂ የሸክላ ሴት ወይም የሸክላ ፈረሰኛ መደርደሪያ ላይ አይታይም።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚሁ ጉድለት ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሕዝቦች ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ የሸክላ ቅርጾችን በሺህ እየቆጠሩ ሠርተዋል፤ እኛም በአንድ ወቅት ሠርተናል። ለምን ተሠሩ? ማን ያዛቸው? መጨረሻቸውስ የት ሆነ? ብዙ ተጽፏል። አብዛኛውን የጻፉት ግን ጭቃ አቡክተው፣ ደርቆ ሲሰነጠቅባቸው፣ እሳት ውስጥ ሲፈነዳባቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጽሑፎቹን ስናነብ አንድ እግራችንን ሸክላ ተራው ላይ ብንተው አይከፋም።

ከሩቁ እንጀምር። የፊንቄ ሰዎች የምንላቸው የጢሮስ፣ የሲዶና፣ የቢብሎስና የሰራፕታ ነዋሪዎች ናቸው፤ አገራቸው የዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍና ከእርሷ በስተሰሜንና በስተደቡብ ያለው ዳርቻ ነው። እኛ የምናውቃቸው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው፤ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የዝግባ እንጨት የላከው ኪራም የጢሮስ ንጉሥ ነበር። በትንቢተ ሕዝቅኤል 27ኛ ምዕራፍ ደግሞ ጢሮስ ገበያ ላይ ሽቶ፣ የከበረ ድንጋይና ወርቅ ይዘው ከሚመጡት መካከል የሳባ ነጋዴዎች ተቆጥረዋል። ቀይ ባሕርና ሜዲትራንያን በንግድ ይተዋወቁ ነበር ማለት ነው። ከዚህ አልፎ የፊንቄ ሸክላ ሠሪና የትግራይ ሸክላ ሠሪ አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ግን ማስረጃ የለም፤ እንዲህ ያለውን ዝምድና በግምት የሚያበጁ ጽሑፎች ስለማይጠፉ ነው አስቀድሜ የምናገረው።

የፊንቄ ሸክላ ሠሪዎች ቅርጽ የሚያወጡበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው በእጅ ብቻ ነው፤ ጭቃውን ቆንጥጦ አፍንጫ፣ አድቦልቡሎ ዓይን፣ አንከባሎ ክንድ። ሁለተኛው በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ እንደ ማሰሮ ውስጡ ክፍት የሆነ ደወል መሳይ አካል አውጥቶ፣ ራስና ክንድ በእጅ መቀጠል ነው። ሦስተኛው ቅርጽ ማውጫ ነው፦ ጭቃው ከፊት በኩል ተቀርጾ በተዘጋጀ ማውጫ ላይ ይጫናል፣ ጀርባው በጣት ይስተካከላል። የፊት ገጹ ዝርዝሩ የጠራ፣ ጀርባው ደግሞ የጣት አሻራ የቀረበት ይሆናል። ማውጫው ሲመጣ አንድ ሠሪ በቀን ብዙ ማውጣት ቻለ፤ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሴቶች በተለያዩ ከተሞች የሚገኙትም ለዚሁ ነው። ከሁሉ የሚደጋገሙት ተቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ ያደረገች እርጉዝ ሴት፣ ከበሮ ይዛ የምትመታ ሴት፣ ልጅ ያቀፈች እናት፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ናቸው። ከአክዚብ ከተገኙት መካከል ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ የምትታጠብ ሴት አለች፤ ከአምላክ ጋር ምንም የማያገናኛት፣ የቤት ውስጥ ሴት ትመስላለች። መምሰልና መሆን አንድ አይደሉምና እዚህ ላይ እንቆይ።

የፊንቄን ጉዳይ ለአጥኚ የተመቸ የሚያደርገው ቅርጾቹ የተገኙበት ቦታ በሦስት መከፈሉ ነው። የመጀመሪያው መቃብር ነው፤ የአክዚብ ቅርጾች ከ8ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሙታን ጋር የተቀበሩ ናቸው። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ነው። ሰራፕታ ላይ አሜሪካዊው ጄምስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ቁፋሮ አንድ አነስተኛ የአምልኮ ቤት ከነስጦታዎቹ አገኘ፤ ከዕቃዎቹ መካከል ታኒት አስታርት የተባለችውን አምላክ ስም የያዘ የዝሆን ጥርስ ጽሑፍ ነበር። ደቡብ ሊባኖስ ውስጥ ኻራየብ በተባለ ቦታ ደግሞ የሊባኖሱ አርኪዮሎጂስት ሞሪስ ሸሃብ እ.ኤ.አ. በ1946 በጀመረው ቁፋሮ ከሺህ በላይ ቅርጾች ወጡ። የተገኙት በአንድ የገጠር ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው። መቅደሱ በስጦታ ሲሞላ የተቀደሰውን ዕቃ እንደ ቆሻሻ ሜዳ ላይ መጣል ነውር ስለነበር፣ አሮጌው እዚያው ግቢ ይቀበራል፤ ቁፋሮ ሺህ ቅርጽ በአንድ ላይ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ባሕር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከአካ በስተሰሜን ሻቬ ጽዮን በተባለ መንደር ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባሕር ወለል በመቶዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ሴቶች ወጡ። አንዳንዶቹ ላይ የታኒት ምልክት ታትሟል። ያኔ የተሰጠው ፍቺ ቀላል ነበር፦ ቅርጽ ጭና ለንግድ ስትሄድ የሰጠመች መርከብ። ለዐሥርት ዓመታት መጻሕፍት ይህንኑ ደገሙ። በቅርብ ዓመታት ግን ሜይር ኤድሬይና ባልደረቦቹ ስብስቡን እንደገና አንድ በአንድ ሲያዩት ቅርጾቹ የአንድ ዘመን ሥራ ሆነው አልተገኙም። አራት መቶ ዓመታት ያህል የሚሸፍኑ ናቸው። አንዲት መርከብ የአራት መቶ ዓመት ጭነት አትጭንም። ስለዚህ አሁን የሚቀርበው ሐሳብ የባሕር ሰዎች ትውልድ በትውልድ እየተተካኩ አንድ ቦታ ላይ ስለታቸውን ወደ ውኃ ይጥሉ ነበር የሚል ነው። ቅርጾቹ ትናንትም ዛሬም እነዚያው ናቸው። የሸቀጥ ጭነት ይባሉ የነበሩት ስለት የተባሉት ከየትኛው ዕቃ ጋር፣ በስንት ዘመን ውስጥ እንደወደቁ በመታወቁ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ትልቁ የጥንት የሸክላ ቅርጽ ስብስብ የተገኘው ከአክሱም በስተደቡብ ምሥራቅ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሐውልቲ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ኮንተንሶን እ.ኤ.አ. በ1959 ሲቆፍር ሁለት የአምልኮ ሕንፃ ፍራሾችና በዙሪያቸው የተበተነ ብዙ ዕቃ አገኘ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ሰው ከዚያ ቦታ የመጣውን ባለ ቅርጽ የድንጋይ ዙፋንና እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ የተቀመጠችውን የድንጋይ ሴት ሳያይ አይወጣም። ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እነርሱ ዘንድ ነው። ከዙፋኑ ጋር የወጡት ትንንሾቹ ሸክላዎች ግን ብዙም አይወራላቸውም፦ ከብቶች፣ የሴት ቅርጾች፣ የቤት አምሳያዎች። ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ውስጥ ነው፤ ሸክላ ሠሪው ሐውልቲ ላይ በሬ ሲያበጅ የፊንቄዋ ከበሮ መቺም በዚያው ሺህ ዓመት እየተሠራች ነበር።

የሐውልቲ የቤት አምሳያ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። የእንጨትና የሣር ቤት ሦስት ሺህ ዓመት አይቆይም፤ የድንጋዩም ቢሆን የሚቀረው መሠረቱ ነው። በሩ፣ ጣሪያው፣ ግድግዳው ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው አንድ ሰው በጭቃ አሳንሶ ስለሠራው ነው። የፊንቄ ሰዎችም የቤተ መቅደስ አምሳያ በሸክላ ይሠሩ ነበር፤ የእነርሱ ደጃፉ ላይ ዓምድ፣ አንዳንዴም በውስጡ የተቀመጠች አምላክ አለበት። የሐውልቲው የመቅደስ ነው ወይስ የሰው ቤት? ከአምልኮ ሕንፃ አጠገብ መገኘቱ ወደ ስለት ያደላዋል። ቤት ለመሥራት የተሳለ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ለተሠራው ቤት ምስጋና ያደረሰም ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል፤ ያልተሠራ ቤት እንዲህ በዝርዝር አይቀረጽም።

በአክሱም ዘመን ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974፣ በኋላም ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 አክሱም ላይ ባደረጉት ቁፋሮ ከወጡት ሸክላዎች መካከል አንገታቸው የሴት ራስ የሆነ ዕቃዎች አሉ። ሠሪዋ (እዚህ ላይ «ሠሪዋ» ማለቱ ይቀናኛል) ፊቱን በጥቂት ጭረት ጨርሳ ትኩረቷን ሁሉ ጸጉሩ ላይ አድርጋዋለች። ሹሩባው ከግንባር ወደ ኋላ መስመር በመስመር ተሠርቶ፣ ጫፉ ማጅራት ላይ ይበተናል። ዛሬ ትግራይና ወሎ ውስጥ ለሠርግ የምትሠራ ሴት ብታየው ስሙን ትነግረናለች። ዕቃው ራሱ ፈሳሽ የሚይዝ ነው፤ ከራሱ አናት ይሞላል፣ ይቀዳል። ስለዚህ ይህ የቆመ ምስል ነው ወይስ የተዋበ ማሰሮ? ሁለቱም። በዘመኑ ሸክላ ውስጥ የተጠመዱ ሁለት በሬዎች በውስጡ የቆሙበት ሳህንም አለ። የአክሱም ሸክላ ሠሪ ቅርጹን ከዕቃው ጋር ማጋባት ይወድ ነበር።

ከየሐ አጠገብ የምትገኘው ቤተ ሳማቲ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ታስነሣለች። በማይክል ሃሮወር የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባሲሊካ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅና የከበረ ድንጋይ ቀለበት፣ የሸክላ ከብት ቅርጾችም ማግኘቱን ገልጿል። ክርስትና ገብቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ በሬው ገና አልወጣም። አንዳንዶች «የአሮጌው እምነት ርዝራዥ» ይሉታል። ይሆናል። ግን በሬ ለገበሬ አገር የእምነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሀብት ነው፣ ጉልበት ነው፣ የልጅ መጫወቻም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምስልን በሥዕል እንጂ በሐውልት ስላላስተናገደች፣ የቆመ ቅርጽ ከመቅደሱ አካባቢ ጠፋ። ወደ ምሥራቁ ዳገትና ወደ ቆላው እስልምና ሲሰፋ እርሱም ለሐውልት በር አልከፈተም። ሰንበቴ ገበያ ላይ የሸክላ ሴት አለመኖሯ የአንድ ሃይማኖት ሥራ አይደለም፤ ሁለቱም ተስማምተውበታል።

ስለ ፍቺ የተደረገው ክርክር በዓለም ላይ ረጅም ነው፤ እኛ በአጭሩ እንለፈው። ለረጅም ጊዜ ማንኛዋም የሸክላ ሴት ስትገኝ «እናት አምላክ» ወይም «የመራባት አምላክ» ትባል ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ኡኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው መጽሐፍ የጥንት ግብፅና የቀርጤስን ቅርጾች ዘርዝሮ ይህን አፈረሰው፦ አንዱ ቅርጽ የልጅ አሻንጉሊት፣ ሌላው የማስተማሪያ፣ ሌላው የስለት ሊሆን እንደሚችል፣ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ስንፍና መሆኑን አሳየ። ከእርሱ በፊት ሃንስ ኮሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ታንጋኒካ ውስጥ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱ ልጆች በሸክላ ቅርጽ ሥርዓት ሲማሩ ያየውን ጽፎ ነበር፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ቅርጹ ይሰበራል ወይም ይጣላል። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ ዛሬም የየሙዚየሙ መግለጫ ካርድ «የመራባት ምልክት» ከማለት አላረፈም። ስንፍናው ከእኛም ቤት አለ።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። በፊንቄ ቅርጹ ስለት ነበር ካልን፣ ወሎ የስለት አገር አይደለም ወይ? ነው እንጂ። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚጎርፈው ሕዝብ ስለቱን ይዞ ነው የሚሄደው። በየመንደሩም ቢሆን ልጅ ያጣች፣ የታመመ፣ መንገድ የወጣ ይሳላል። የሚሰጠው ግን በግ ነው፣ ሰንጋ ነው፣ ቡና ነው፣ ዕጣን ነው። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ጉባኤ ላይ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓው ይደረጋል፤ ስለቱ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨሳል። የእኛ ስለት በዕለቱ ያልቃል። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ አመድ፣ የተሰበረ ማጨሻና የጀበና ገል እንጂ ሌላ አያገኝም። ምናልባት «እነዚህ ሰዎች ስለት አያውቁም ነበር» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። የሐውልቲን ሕዝብ ከእኛ የሚለየው የእምነቱ ብርታት አይደለም፤ እነርሱ ለአምላካቸው የማይበላ ነገር መስጠታቸው ነው።

ቅርጽ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። በቦርከናና በጨፋ ሜዳ ዳርቻ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይዞ ነው የሚውለው። በሬ ይሠራል። ቀንዱን ከሁሉ በፊት ያስተካክላል፤ ሻኛውን በአውራ ጣቱ ከፍ ያደርጋል፤ እግሮቹን አጫጭርና ወፍራም ያደርጋቸዋል፣ ቀጭን እግር ጭቃውን አይሸከምምና። ሁለት ከሠራ በስንጥር ቀንበር ያጠምዳቸዋል። ጓደኛው ላም ከሠራ ይዋጋሉ፣ ይገዛዛሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፤ የባቲ ሰኞ እዚያው ይቆማል። ሲመሽ ከብቱ ወደ ቤት ይነዳል፣ የጭቃው መንጋ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ሌሊት ዝናብ ይወስደዋል።

አንድ ጊዜ ሰንበቴ ላይ ሸክላ የሚሸጡ እናትን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ የበሬ ቅርጽ አይሠሩም?»

«በሬ ምን ይሆናል? ቡና አይፈላበት!»

«ልጆች ይጫወቱበት ይሆናል ብዬ ነው።»

«ልጆቹማ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ማን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል? ማገዶውስ?»

የመጨረሻዋ ቃል ከብዙ መጻሕፍት ትበልጣለች። ጭቃ ሸክላ የሚሆነው ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ እሳት ሲበላው ነው፤ ከዚያ በታች የደረቀ አፈር ነው፣ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። እሳቱ ደግሞ ኩበት፣ ጭራሮ፣ ጭድ ይፈልጋል፤ ይህን የሚለቅሙ እጆች አሉ። ከዚያም በላይ ድፍን ቅርጽ እሳት ውስጥ አደገኛ ነው። ውስጡ የቀረች እርጥበት ስትፈላ ትፈነዳና አጠገቡ ያለውን ጀበና ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። የፊንቄ ሠሪዎች የትልልቆቹን ውስጥ ክፍት ያደረጉት፣ ጀርባቸው ላይ የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳ የተዉት ለዚሁ ነው። ትንሹ በሬ ድፍን ቢሆንም ቀስ ብሎ ከደረቀ ይተርፋል።

እንግዲህ ሐውልቲ ላይ የተገኘው በሬ ተተኩሷል። ይህ ማለት አንድ አዋቂ፣ ማገዶ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው «ይህ እሳት ይገባዋል» ብሎ ወስኗል ማለት ነው። የጨፋው እረኛ በሬ እሳት አይገባውም፤ ስለዚህ ለአርኪዮሎጂ የለም። ጥንትም እንዲህ ያለ ሺህ ጊዜ ሺህ የልጅ በሬ ተሠርቶ ጠፍቶ ይሆናል፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን የተተኮሰው ብቻ ነው። «መጫወቻ ነው» የሚለው ፍቺ ለሐውልቲ የሚከብደኝ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ማምለጫ አለ፦ የሸክላ ሠሪ ልጅ። እናቱ እሳት ስታነድ ጠጋ ብሎ የራሱን በሬ በጀበናዎቹ መካከል ሊደብቅ ይችላል፤ እናትም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ከጥቂት ቅርጾች በላይ ግን በዚህ መንገድ አይሰበሰብም፤ ከመቅደስ ደጃፍም አይከማችም።

የልጅ መጫወቻ ጉዳይ በእስልምናም ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ እናታችን ዓኢሻ በልጅነቷ በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር ተነግሯል፤ በአቡ ዳውድ በተዘገበው ደግሞ ከመጫወቻዎቿ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር፣ ነቢዩም አይተው ሳቁ። ብዙ ዑለማእ ከዚህ ተነሥተው የልጆችን መጫወቻ ከተከለከለው ምስል ለይተውታል፤ ያልተስማሙም አሉ። የከሚሴ እናት የልጇን የጭቃ ላም አይታ የማትቆጣው ይህን ክርክር አንብባ ላይሆን ይችላል። ነገሩን ግን ታውቀዋለች፦ ለጨዋታ የተሠራ ለአምልኮ ከተሠራ ይለያል፤ የሚለየውም መልኩ ሳይሆን የሚደረግበት ነው። ከሻቬ ጽዮን ባሕር የወጣው ትምህርትም ይኸው ነበር።

በአማራ ክልል የሸክላ ቅርጽ ገበያ የወጣበት አንድ ቦታ አለ፤ ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ወለቃ። እዚያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቻቸው ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚ እየበዛ ሲሄድ ሴቶቹ ከጀበናና ከድስት ጎን ትንንሽ ቅርጾችን ማቅረብ ጀመሩ፦ የይሁዳ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ቅርጽ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ በአንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። የመጨረሻው ለሳቅም ለሽያጭም ተመችቷል። በኦሪት አጥብቆ የሚያምን፣ የተቀረጸ ምስልን የሚጠየፍ ማኅበረሰብ በአገሪቱ ዝነኛ የሆኑትን የሸክላ ቅርጾች መሥራቱ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ግራ የሚያጋባ ነገር ግን የለውም። ማንም አልሰገደላቸውም፤ ተሸጡ። በጥንቷ ይሁዳ ምድርም ከ8ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት የተሠሩ የሴት ሸክላዎች ከኢየሩሳሌምና ከአካባቢዋ በመቶዎች ተገኝተዋል፤ ያውም ነቢያቱ በምስል ላይ በሚጮኹበት ዘመን፣ ከሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ።

እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሄደ። በሁለተኛው ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል። ሸክላው ግን ወለቃ ላይ አልቆመም፤ ጎረቤት የነበሩ ክርስቲያን ሴቶች ሙያውን ይዘው፣ የዳዊት ኮከቡን ሳይቀር እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። ከሄዱት መካከል ደግሞ በቤር ሳቤህ የሸክላ ሥራ የቀጠሉ እናቶች አሉ፤ እዚያ የሚቀርጹት የጎንደርን ሕይወት ነው። ጎንደር ሳሉ ለፈረንጅ ይሁዲነትን፣ እስራኤል ሲገቡ ለእስራኤላዊ ኢትዮጵያዊነትን ቀረጹ። ገዢው ሁልጊዜ የጎደለውን ነው የሚጠይቀው። ይህን «የተበላሸ ባህል» የሚሉ ምሁራን አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የፊንቄ ማውጫም ገበያ ነበረው።

የሠሪዎቹን ስም ማን መዘገበ? እዚህ ላይ አገራችን የምትጠየቅበት ጉዳይ አለ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል፤ ይፈራል፣ ይናቃል፣ አይጋቡትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል፤ አዋጁ ወጥቶም ስድቡ አልቀረም። የተናቀ እጅ የሠራውን ዕቃ ሰው ይገለገልበታል እንጂ ስለ ሠሪው አይጠይቅም። ጥንታዊውን ቅርጽ «የማን እጅ ሥራ ነው?» ብለን አለመጠየቃችን የዚያው ንቀት ቅጥያ ይመስለኛል። የጣት አሻራቸው ሸክላው ላይ አለ፤ አሻራ ደግሞ ዛሬ ይለካል፣ የሴት፣ የወንድ፣ የልጅ መሆኑ ይገመታል።

የእኛ አካባቢ ገና በደንብ አልተቆፈረም። ከከሚሴ በስተደቡብ በኢፋት ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የመሩት ቡድን አስባሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉትን የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍራሽ መዝግቧል፤ መስጊዶች፣ ግንቦችና መቃብሮች ታይተዋል። በመንዝና በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው፣ ተመራማሪዎች ባህሉን የሻይ ባህል ያሉት ሕዝብ፣ ሙታኑን በድንጋይና በአፈር ጉብታ ሥር ከሸክላና ከዶቃ ጋር ይቀብር ነበር። በሁለቱ መካከል፣ በቦርከና ሸለቆ፣ ምን እንዳለ የሚነግረን ማረሻ ነው። ገበሬ ሲያርስ ገል ቢያወጣ፣ ቅርጽ ቢያገኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማሳወቅ አለበት፤ ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚያሳውቅ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ዕቃው ቢመጣስ? የሚመጣው ያለ ቦታው ነው። ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር ካልተባለ የሻቬ ጽዮን ስሕተት እዚህም ይደገማል።

ከቁፋሮ በፊት ሊደረግ የሚችል፣ ወጪውም ቀላል የሆነ ሥራ ግን አለ። በየክረምቱ ዝናብ የሚወስደውን የእረኛ ልጅ መንጋ መመዝገብ። በደዋ ጨፋ የሚሠራው በሬ ነው ወይስ ግመልም አለበት? ወደ አፋር ድንበር ሲወርዱ ግመሉ ይበዛል? ሴት ልጆች ምን ይሠራሉ? ሰው የሚሠራ ልጅ አለ ወይ፣ ቢሠራስ ፊት ያወጣለታል? ሰውን መቅረጽ አይገባም ብሎ የሚከለክል ታላቅ ወንድም አለ? ቅርጹን ማን አስተማረው? ስሙስ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በአርጎብኛ ምንድን ነው? ይህን ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በሦስት ወይም በአራት ቀበሌ ለመሰብሰብ የአካባቢው መምህራንና አንድ ካሜራ ይበቃሉ፤ ሥራው ሲያልቅም ከተሠሩት ጥቂቶቹን ሰንበቴ ላይ ሸክላ የሚሸጡ እናቶች ከጀበናቸው ጋር እንዲተኩሱ ማገዶውን ገዝቶ መስጠት ይቻላል።